ከአቡጊዳ እስከ ቅልልቦሽ፦ የደብረ ታቦር ሕፃናት የት ይጫወቱ?

በነሐሴ መጀመሪያ ደብረ ታቦር የገባ እንግዳ ከዝናቡ ቀጥሎ የሚሰማው የጅራፍ ጩኸት ነው። ወንዶቹ ልጆች ቃጫውን ገምደው፣ ጫፉን አቅጥነው፣ መዳፋቸው እስኪላጥ ያስጮኹታል። ነሐሴ 12 ማታ ችቦ ይበራል፤ ሙልሙል ዳቦ ይጋገራል፤ ሆያ ሆዬ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ከተማዋና በዓሉ አንድ ስም ነው ያላቸው፤ ነሐሴ 13 በቤተ ክርስቲያን አጠራር ደብረ ታቦር፣ በልጆች አፍ ቡሄ ይባላል።

አባቶች ሲያስረዱ ጅራፉ በተራራው ላይ የተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው፤ ችቦው የታየው ብርሃን ነው፤ ሙልሙሉ ደግሞ ብርሃኑን አይተው ገና ቀን ነው ብለው በዱር ለቆዩ እረኞች ወላጆቻቸው ይዘውት የወጡት ስንቅ ነው። ሊቃውንት መጽሐፍ ዘርግተው የሚያመሠጥሩት ብርሃነ መለኮት ለአምስት ዓመት ልጅ በጅራፍ፣ በእሳትና በዳቦ ይደርሰዋል። ተቀመጥና አድምጥ ያለው ሰው የለም። ትርጓሜውን ቆይቶ ይሰማዋል፤ ነገሩን ግን አስቀድሞ በእጁ ይዞታል።

መስከረም ሲጠባ ያው ልጅ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ይገባል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጉና የሚወርደው የጧት ብርድ አጥንት ይሰብራል። ልጁ ሹራቡን ደርቦ አግዳሚ ላይ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ይቀመጥና ኤ ፎር አፕል፣ ቢ ፎር ቦል እያለ በኅብረት ይጮኻል። በዚያች ሰዓት ኳሱ ያለው በመምህርቷ ሥዕል ላይ ብቻ ነው።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ በክርስቲያን ወላጅ፣ በክርስቲያን አካባቢ፣ ብዙ ጊዜም በክርስቲያን ተቋም ሥር በሚሠራ መዋዕለ ሕፃናት ጨዋታ የማስተማሪያ መንገድ ሊሆን ይገባል ወይ? ብዙ ሰው ጥያቄውን ፈረንጅ ያመጣው ክርክር አድርጎ ያየዋል፤ በአንድ ወገን ሥርዓት ያለው የየኔታ ትምህርት፣ በሌላው ወገን ልጅን የሚያቀብጥ ዘመናዊ ፈሊጥ። እኔ ግን እዚህ አገር እንግዳ የሆነው ጨዋታው አይመስለኝም። እንግዳው አርባ ሕፃን ደርድሮ አንድ ቃል በአንድ አፍ ማስጮኹ ነው። ይህን ለማየት ከንባብ ቤት መጀመር ያስፈልጋል።

ንባብ ቤት የአብነት ትምህርት ደጃፍ ነው። ልጁ በአራትና በአምስት ዓመቱ፣ አንዳንዴም ዘግይቶ፣ የኔታ ፊት ይቀርባል። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ባሳተሙት የፊደል ገበታ ትውልድ ሁሉ ቆጥሮበታል፤ ከዚያ በፊት ገበታው የብራና ነበር። ልጁ በአንድ እጁ ገበታውን ደግፎ በሌላው ስንደዶ ይይዛል። ስንደዶዋ ቀጭን ስለሆነች አንድ ፊደል ላይ ብቻ ታርፋለች፤ ጣት ግን ሁለቱን ይሸፍናል። 33 ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 መልክ ነው። ለዚያ ዕድሜ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ሀ ሁ ሂ ነው፤ ልጁ በዜማ ይወርድበታል። ችግሩ አፉ ከዓይኑ መቅደሙ ነው። ስንደዶዋ ሊ ላይ ቆማ አፉ ላ ላይ ደርሷል። የቀድሞ መምህራን ይህን ሳያዩት አልቀሩም፤ መድኃኒቱንም አቡጊዳ አሉት። አቡጊዳ የፊደሉን ሰልፍ ያፈርሰዋል፦ አ ከግዕዝ፣ ቡ ከካዕብ፣ ጊ ከሣልስ፣ ዳ ከራብዕ፣ ሄ ከኃምስ፣ ው ከሳድስ፣ ዞ ከሳብዕ። በእያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉም ቤቱም ይለወጣል። በቃሉ የያዘው ዜማ እዚህ አይረዳውም፤ ማየት አለበት። ልጅ ሆኖ ይህን ያለፈ ሰው የሚያስታውሰው ነገር አለ፤ መጀመሪያ ግራ መጋባት፣ ቀጥሎ ስልቱ ሲገባ የሚመጣ ፈገግታ። ዛሬ ለሕፃናት በካርቶን ተቆርጦ የሚሸጠው የመገጣጠሚያ ጨዋታ ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም። እኛ ጨዋታ ብለን አልጠራነውም እንጂ።

ሌላም አለ። በንባብ ቤት ሃያ ልጅ ቢቀመጥ ሃያ ቦታ ላይ ነው ያለው። አንዱ ሀሁ፣ አንዱ አቡጊዳ፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ፣ አንዱ ዳዊት። ዳዊት የደረሰው ሀሁ ያለውን ያስቆጥራል፤ የኔታ ደግሞ ከሩቅ ሆነው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የተኙ መስለው፣ ከሃያው ድምፅ መካከል የተሳሳተችውን አንዷን ለይተው ይመልሷታል። ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ማንም ከማንም ኋላ ቀረ አይባልም። በሥልጠና ሰነዶች ላይ እያንዳንዱን ልጅ በራሱ ፍጥነት ማስተማር ተብሎ የሚጻፈውን ነገር የዚህ አገር አያቶች ሳይሰይሙት ሲሠሩበት ኖረዋል።

ይህን ስል ንባብ ቤትን ለማስዋብ አይደለም። አለንጋው ነበር፤ ልጅ ሲጠፋ የሚጠብቀው ቅጣት ጽኑ ነበር። ሴት ልጅ እዚያ መቀመጧ ለረጅም ዘመን ብርቅ ነበር። የሚነበበውም ግዕዝ ስለሆነ ልጁ ያለ ትርጉም ብዙ ገጽ ይሄዳል። ቤቱ ጥሩ የነበረበትን ትቶ አለንጋውንና ጩኸቱን ብቻ የወረሰ ዘመናዊ ክፍል ግን ከሁለት ያጣ ነው።

ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ጨዋታ አታውቅም የሚል ሰው ደቡብ ጎንደርን አያውቅም። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ቤት ናቸው፤ ሁለቱም እዚሁ ናቸው። ከፎገራ የተነሡት አለቃ ገብረ ሐና ደግሞ በአማርኛ ቀልድና ፍትል ተወዳዳሪ ያልተገኘላቸው ሊቅ ናቸው። በቀልዳቸው የሚያውቃቸው ሕዝብ አንዳንዴ የሚረሳው ነገር አለ፤ አለቃ የአቋቋም መምህር ነበሩ። የጣናን ማዕበልና የሸንበቆውን መወዛወዝ አይተው ለዝማሜ አዲስ እንቅስቃሴ አወጡ፤ ጎንደር ላይ አልተወደደላቸውም፤ ልጃቸው ተክሌ ግን ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ ዛሬ ተክሌ አቋቋም የሚባለው ያ ነው ይባላል። ትውፊቱን እንዳለ ብንቀበለው፣ የአገሩ ታላቅ ቀልደኛና የአገሩ የተወደደ የማሕሌት ስልት ከአንድ ሰው ወጡ ማለት ነው። መቋሚያ ይዞ፣ ጸናጽል እያንሿሿ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ የሚያዘም ሽማግሌ እያየ የሚያድግ ሕፃን እግሩን አጥፎ ካልተቀመጠ አይማርም ማለት ያስቸግራል።

ልጆቹም ይህን ያውቃሉ። በየቀበሌው ከቤት ጓሮ ቆም ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በትር መቋሚያ ሆኖ፣ ቆርቆሮ ከበሮ ሆኖ፣ አሮጌ ሻሽ ጥምጥም ሆኖ ቅዳሴ ይቀደሳል፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ የጨርቅ አሻንጉሊት ትጠመቃለች። ጣሊያናዊቷ ሶፊያ ካቫሌቲ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምራ ሮም ውስጥ ሕፃናትን ትንንሽ የመሠዊያ ዕቃ እያስያዘች ሃይማኖት ስታስተምር መነሻዋ የሞንቴሶሪ ዘዴ ነበር፤ ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት የከፈተችው እዚያው ሮም በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ዘዴ እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም። ንዋየ ቅድሳት ያልተሾመ ሰው አይነካውም፤ አምሳሉን ሠርቶ መጫወቻ ማድረግም ብዙ አባቶችን ያስቆጣል። በእኛ ዘንድ ግን ልጁ አምሳል አያስፈልገው ይሆናል፤ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ጃንጥላ ይዞ፣ ቃጭል እየመታ በእውነተኛው ቅዳሴ ውስጥ ይቆማል።

ከትምህርት ቤቱ ስምም አንድ ነገር እንማር። ፍሪድሪክ ፍሮብል የሉተራን ቄስ ልጅ ነበር፤ የትምህርት ቤቱን ስም በ1840 እ.ኤ.አ. ኪንደርጋርተን፣ የልጆች አትክልት ስፍራ፣ አለው። ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው አጸደ ሕፃናት ማለቱ ደስ ይለኛል፤ አጸድ የምንለው የቤተ ክርስቲያኑንም ቅጥር ነውና። የፍሮብል ዕቃዎች የክር ኳስ፣ የእንጨት ሞላላና ማዕዘን ነበሩ፤ እሱ በእነሱ የፈጣሪን ሥርዓት ማሳየት ፈልጎ ነበር። የፕራሻ መንግሥት ግን በ1851 እ.ኤ.አ. እግዚአብሔርን የካደ ትምህርት ነው ብሎ ከለከለው፤ እገዳው የተነሣው በ1860 እ.ኤ.አ. ነው። ጨዋታን ከክህደት የሚያምታታ ሰው እኛ አገር ብቻ አልተወለደም።

በእነዚያው ዓመታት ከባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና የመጡ፣ ወንጌልን ከመጥረቢያ ጋር የያዙ ጀርመኖችና ስዊሶች በፕሮቴስታንቱ ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት በኩል ኢትዮጵያ ገብተው ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ሰፈሩ። ትምህርት ቤትም ነበራቸው። ዓፄ ቴዎድሮስ ግን ከፊደሉ ይልቅ መዶሻውን ፈለጉባቸው፤ ጋፋት በታሪክ የምትታወቀው በሴባስቶፖል መድፍ ነው። ያ ትምህርት ቤት ፍሬ ቢያፈራ ኖሮ ምን ይመስል ነበር ብሎ መገመት ይቻላል፤ እኔ ግን አላደርገውም።

ወደ መንግሥት እንምጣ፤ እዚህ ብዙ አልቆይም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመዋዕለ ሕፃናት የሰጠው ዓላማ ልጁን በሁለንተናው ማሳደግና ለመደበኛ ትምህርት ማዘጋጀት ነው፤ ሥራውን ግን ለግልና ለማኅበረሰብ ተወው። ስለዚህ መዋዕለ ሕፃናት የከተማ ነገር ሆነ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአምስት ክልሎች ወደ 3,000 ልጆችን የተከታተለው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ ከከተማ ልጆች ከግማሽ በላይ ቅድመ አንደኛ ሲገቡ ከገጠሮቹ የገቡት በጣም ጥቂት ነበሩ። በ2002 ሦስት ሚኒስቴሮች፣ ትምህርት፣ ጤናና ሴቶች ጉዳይ፣ በጋራ ብሔራዊ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ በኋላ በየአንደኛ ደረጃው ግቢ 0 ክፍል የሚባለው ተከፈተ፤ የቅድመ አንደኛ ተሳትፎ ከ10 በመቶ በታች ከነበረበት በጥቂት ዓመታት ወደ 40 በመቶ ተጠጋ። በ2015 የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል።

ቁጥሩ ሲያድግ ክፍሉ አላደገም። 0 ክፍል ብዙውን ጊዜ ትርፍ የሆነው ክፍል ነው፤ መምህሩም ከሌላ ክፍል የተረፈው ነው። በዚያው በ2002 በተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ወላጅ ይህን ሲሰማ የሚደርስበት መደምደሚያ ይታወቃል፦ ቶሎ ይጀመር፣ በርታ ተብሎ ይጻፍ፣ ጨዋታው ይቅር። የእህቴን ልጅ ደብተር አንድ ጊዜ አየሁት። አምስት ዓመቷ ነው። ከ1 እስከ 100 በአንድ ማታ አራት ጊዜ እንድትጽፍ ሆምዎርክ ተሰጥቷታል። ሦስተኛው ዙር ላይ 37 ተገልብጦ 73 ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች በእናቷ እጅ ናቸው። ሰኔ ላይ ጥቁር ጋዋን ለብሳ፣ ባርኔጣዋን አጋድላ ተመረቀች። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። የትምህርት ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ በየከተማው ያለ ነው።

በሃይማኖት ተቋም የሚመራ መዋዕለ ሕፃናትስ ከዚህ ይለያል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከማንኛውም ሃይማኖታዊ ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል፤ ስለዚህ በመደበኛው ሰዓት የሚሰጠው ትምህርት እዚያም እዚህም አንድ ነው። የሚለየው ጧት በጸሎት መከፈቱ፣ በዓላቱ መከበራቸው፣ ሥነ ምግባሩ መጥበቁ ነው። ወላጅ እዚያ የሚልከውም ለዚያ ነው። ነገር ግን በእንግሊዝኛው ሩጫ፣ በሆምዎርኩ፣ በጋዋኑ ከጎረቤቱ የግል ትምህርት ቤት ጋር ይወዳደራል፤ ካልተወዳደረ ተማሪ ያጣል። ቡሄን ያህል የልጆች በዓል በእጁ ያለ ተቋም ዓመቱን ሙሉ ሕፃን ማስቀመጡ ለእኔ የዚህ ሁሉ ነገር እንቆቅልሽ ነው። ለክረምት ዕረፍት ተዘግቶ ስለሚውል ቡሄን እንኳ በክፍል አያገኘውም።

ጨዋታ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ አንድ እናሳይ። ቅልልቦሽን እንውሰድ። አምስት ጠጠር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አንዷን ወደ ላይ ወርውሮ እስክትመለስ መሬት ያሉትን አራቱን መልቀም ነው። በመጀመሪያው ዙር አንድ አንድ፤ በሁለተኛው ሁለት ሁለት፤ በሦስተኛው ሦስትና አንድ፤ በመጨረሻው አራቱም ባንድ አፈሳ። የስድስት ዓመት ልጅ አራት ቁጥር ስንት ዓይነት እንደሚከፈል በጣቷ ያውቀዋል፤ ከዚያም በላይ ጠጠሮቹን ስትበትን ለሚቀጥለው ዙር እንዲመቻት አስባ ትበትናለች። ሰኞ ማክሰኞ ሰባቱን ቀናት በአንድ እግር ያስቆጥራል። ገበጣ መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድና በጠጠር መደመርና ማካፈል ነው። ዕቃቃ የገበያ፣ የለቅሶ፣ የድግስ ትምህርት ነው። በፋርጣና በጉና ዳገት ያሉ እረኞች ከጭቃ በሬ ይሠራሉ፤ ቀንዱን ይሞክሩታል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ገለባ ቀላቅለው ዳግም ያቡኩታል። ጠምደው ሲያርሱበት ደግሞ ሞፈሩ የሸንበቆ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ብር አያስወጣም። መምህርቷ ግን ይህን እንድትጠቀምበት ያሠለጠናት የለም፤ ደብረ ታቦር የመምህራን ኮሌጅም፣ ዩኒቨርሲቲም ያላት ከተማ ሆና ሳለች።

በዚያው ዞን፣ ፎገራ ውስጥ፣ አውራ አምባ አለች። ዙምራ ኑሩ በ1964 ገደማ የመሠረቷት ማኅበረሰብ የተደራጀ ሃይማኖት የላትም፤ ሕፃናቷን ግን በመንደሯ መሐል ባለ የሕፃናት ቤት ትሰበስባለች፤ ታላላቆቹ ታናናሾቹን ያስተምራሉ። በሃይማኖት የማይመሳሰሉት ሁለት ቤቶች፣ ንባብ ቤቱና አውራ አምባ፣ በዚህ አንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ልጅ ልጅን ያስተምራል። መካከል ያለው ዘመናዊው ክፍል ብቻ ልጆችን በዕድሜ ለይቶ፣ ሁሉንም ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙሮ ያስቀምጣል።

ከዚያም ቦታው። ገንዘብ የለም፣ ግቢ የለም፣ መጫወቻ የለም የሚል ሰበብ ሲነሣ አንድ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሲያጠኑ በዞኑ የቆጠሯቸው አብያተ ክርስቲያናት ከ1,400 በላይ ናቸው። በእርሻና በግጦሽ በተራቆተው መሬት ላይ ከላይ ሲታዩ እንደ አረንጓዴ ነጠብጣብ ናቸው። ወይራው፣ ጥዱ፣ ግራሩ እዚያ ነው የተረፈው። ንባብ ቤቱም ብዙ ጊዜ ከደኑ ጥግ ነው። የአገሩ ሰፊው፣ ጥላ ያለው፣ የታጠረው የልጆች ቦታ ይህ ነበር። ግን ደግሞ ቅጥር ነው፤ ጫማ የሚወለቅበት፣ ድምፅ የሚቀንስበት ቦታ። አንድ ሕፃን ቢሮጥ ሽማግሌው ይገሥጸዋል፤ ሽማግሌውም አልተሳሳተም። ነቢዩ ዘካርያስ በምዕራፍ 8 የታደሰችዋን ኢየሩሳሌም ሲያሳይ አደባባይዋን በሚጫወቱ ወንድና ሴት ልጆች ይሞላዋል፤ ሽማግሌዎቹም እዚያው በትራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አንድ ደብር ከደኑ ውጭ ያለውን ጥግ፣ ከቅዳሴ ሰዓት ውጭ፣ ለዚህ ቢለቅ ቀኖና የሚነካ አይመስለኝም። ይህን የሚወስኑት ግን የደብሩ አለቃና ሰበካ ጉባኤው ናቸው፤ የትምህርት ባለሙያ ሰነድ ይዞ ቢመጣ አይሰሙትም፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢያነሣው ይሰሙታል።

ይህ ሁሉ ሰላም ሲኖር ነው። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ጋይንትን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ሲጠጋ በቡሄ ሰሞን የተሰማው ድምፅ የመድፍ ነበር። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ 0 ክፍል የሚገባው ልጅ ሳይገባ ዕድሜው አልፏል። በጠመንጃ ጨዋታ የሚጫወቱ ልጆች ድሮም ነበሩ፤ አሁን የሚጫወቱት ግን ያዩትን ነው። ስለ ሕፃናት ጨዋታ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ አይችልም፤ ልጅ የደረሰበትን የሚናገርበት ሌላ ቋንቋ የለውምና።

አንድ እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ከከተማዋ ወጣ ባለ ደብር ደጀ ሰላም አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አዋቂው ጠበል ጸዲቁን እየበላ ነው። ከጥዱ ሥር አንዲት ስድስት ዓመት የምትሆን ልጅ አምስት ጠጠር አውጥታ ቅልልቦሽ ጀመረች፤ ታናሽ ወንድሟ ፊቷ ተንበርክኮ ይቆጥርላታል። ሦስትና አንድ ላይ ስትደርስ አንድ አባት በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ጠጠሮቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ ወንድሟን በእጁ ይዛ ከቅጥሩ በር ወጣች። ከግንቡ ማዶ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ቋጠሮውን ፈታ ካቆመችበት ከሦስትና አንድ ቀጠለች።